«ብር»፣ «ኖት» እና «ብሔራዊ ባንክ»፦ የነባር ገንዘብ ስያሜዎችን ስለ መበየንና ስለ መተርጐም

1. መነሻ

ይህ ጽሑፍ የቆዩ የገንዘብ ኖቶችንና መሐለቆችን ከማሰባሰብ ጋር የተያያዙ ስያሜዎችን ስንበይን፣ እንዲሁም ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ስንመልስ የሚያጋጥሙንን ችግሮች ለማስረዳት የቀረበ ነው። ጽሑፉን ለማዘጋጀት ምክንያት የሆኑን ሁለት ወረቀቶች ናቸው።

አንደኛው አንድ ወጣት ተርጓሚ ለእርማት ያመጣልን ረቂቅ ነው። የረቂቁ ምንጭ በአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች የነበሩ ባንኮች ያወጧቸውን ኖቶች ስለሚያሰባስቡ ሰዎች የተጻፈ ነበር። ተርጓሚው የባንኮቹን ስም በየቦታው «የመጀመሪያው ብሔራዊ ባንክ» እያለ መልሶታል። ረቂቁን ያነበበ ኢትዮጵያዊ፣ በአሜሪካ እያንዳንዱ የገጠር ከተማ የየራሱ የገንዘብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነበረው ብሎ ከመደምደም በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሁለተኛው በ2004 ዓ.ም. በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ በከሚሴ ያየነው የኒካህ ወረቀት ነው። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ባላቸው ሞተውባቸው፣ ከሌላ ሚስት የተወለዱት ወራሾች ውርሱን ሊካፈሉ በተሰበሰቡበት ጊዜ፣ ወረቀቱን ከሣጥን አውጥተው አቀረቡ። በአማርኛ የተጻፈው ቃል እንዲህ የሚል ነበር፦ መህሩ ሠላሳ ብር፤ አሥሩ ተከፍሏል፤ ሃያው በባል ላይ ነው። ያልተከፈለ መህር በሟች ንብረት ላይ ያለ ዕዳ ስለሆነ፣ ሃያው ብር ከውርሱ በፊት መከፈል ነበረበት። ክርክሩ የተነሣው «ብር» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ የወረቀቱን ብር የሚያመለክት ከሆነ፣ ሃያው ብር በዚያን ጊዜ ከአንድ ቀን ምሳ አያልፍም። ጠገራውን የሚያመለክት ከሆነ ግን፣ እያንዳንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ሃያው ከ460 ግራም የሚበልጥ ንጹሕ ብር ማለት ነው። ሽማግሎቹ የቋንቋ ሰው መሆናችንን ሰምተው ኖሮ፣ «ቃሉ በዚያን ጊዜ ምን ማለት ነበር?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው የመዝገበ ቃላት ጥያቄ ነው። በቀላሉ ግን አልመለስነውም። ምክንያቱን ቀጥለን እንመለከታለን።

2. «ብር»፦ ከማዕድን ወደ መሐለቅ፣ ከመሐለቅ ወደ መለኪያ፣ ከመለኪያ ወደ ወረቀት

«ብር» በመሠረቱ የማዕድን ስም ነው። ከማዕድኑ የተሠራው መሐለቅ በዚሁ ስም ተጠራ። በአገራችን ገበያዎች ለረጅም ዘመን የተዘዋወረው መሐለቅ የኦስትሪያይቱን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን ምስል የያዘውና «ጠገራ ብር» የምንለው ነው። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት የራሳቸው ምስል ያለበት መሐለቅም «ብር» ተባለ። ከዚህ በኋላ ቃሉ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የዋጋ መለኪያውንም የሚያመለክት ሆነ።

የወረቀት ገንዘብ በዚህ ላይ ተጨመረ። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በ1907 ዓ.ም. ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 100 እና ባለ 500 ብር ኖቶችን አወጣ። እዚህ ላይ ተርጓሚ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የዚያን ዘመን ኖት ራሱ ብር አልነበረም፤ ባንኩ ለአምጪው ብር እንደሚከፍል የገባው ቃል ነበር። «ኖት» የሚለውን ውሰት ቃል «ማስታወሻ» ብሎ መመለስ ትክክል የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ «የተስፋ ሰነድ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶት የምናገኘው ሰነድ የባንክ ኖት የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የመክፈል ተስፋን ይገልጻሉና።

በ1923 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተገዝቶ በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ። የዚህ ባንክ ኖቶች የ1924 እና የ1925 ዓ.ም. ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመን ሊሬ፣ ከዚያም እስከ 1937 ዓ.ም. ድረስ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገሪቱ ተዘዋወሩ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ አዲሱን ገንዘብ አወጣ። የአዲሱ ገንዘብ ስም በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ ግን «ዶላር» ነበር። አንድ ወረቀት ሁለት ስም ይዞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. በወጡት አዳዲስ ኖቶች ላይ የእንግሊዝኛውም ጽሑፍ «ብር» ሆነ። ስለዚህ ከ1937 እስከ 1969 ዓ.ም. ባሉት የእንግሊዝኛ ሰነዶች ላይ «የኢትዮጵያ ዶላር» የሚል ያገኘ ተርጓሚ በአማርኛ «ዶላር» ብሎ ቢተው ይሳሳታል። አቻው «ብር» ነው።

ከ1937 ዓ.ም. ወዲህ ጠገራው ሕጋዊ መገበያያነቱን ቢያጣም፣ በገበያ መዘዋወሩን ግን ወዲያው አላቆመም። በዚህ ምክንያት «ብር» የሚለው ቃል ለተወሰነ ዘመን ሁለት ነገሮችን በእኩልነት ይጠራ ነበር። ማዕድን ያልሆነውን «የወረቀት ብር» ማለት፣ ማዕድን የሆነውን ደግሞ «ጠገራ» በሚል ቅጽል መለየት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። የቃሉ የመጀመሪያ ፍቺ በቅጽል ካልታገዘ በቀር የማይታወቅ ሲሆን፣ ፍቺው እንደ ተዛወረ እንረዳለን።

የከሚሴው ወረቀት የተጻፈበት ዓመት 1366 ዓመተ ሂጅራ ነው። ይህም ከኅዳር 1939 እስከ ኅዳር 1940 ዓ.ም. ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ማለትም አዲሱ ወረቀት ከወጣ በኋላ፣ ጠገራውም ከገበያ ሳይጠፋ። ዓመቱ ከ1937 በፊት ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። እኛም ለሽማግሎቹ ቃሉ በዚያ ዓመት ሁለቱንም ፍቺዎች ይሸከም እንደነበር ከመንገር ሌላ አቅም አልነበረንም።

3. «ብሔራዊ ባንክ»፦ አንድ ስም፣ ሁለት ጽንሰ ሐሳብ

ወደ መጀመሪያው ወረቀት እንመለስ። በአገራችን «ብሔራዊ ባንክ» ማለት አንድ ብቻ ነው። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 206 መሠረት የመንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ፣ በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥራ ጀመሩ። ኖት የማውጣት ሥልጣን ለብሔራዊ ባንክ ተሰጠ። ከዚያም በፊት ቢሆን ይህ መብት በየዘመኑ የአንድ ባንክ ነበር። የኢትዮጵያ ባንክ በደሴ፣ በድሬዳዋ፣ በሐረርና በጎሬ ቅርንጫፎች ቢኖሩትም፣ ደሴ የደሴን ኖት፣ ጎሬም የጎሬን ኖት አላወጡም። ስለዚህ «የትንሽ ከተማ ባንክ ያወጣው ኖት» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ በእኛ ታሪክ ውስጥ አቻ የለውም።

በአሜሪካ ሁኔታው ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 በወጣው ሕግና በ1864 በተሻሻለው ድንጋጌ መሠረት፣ በየከተማው የሚቋቋም የግል ባንክ ከማዕከላዊው መንግሥት ፈቃድ ካገኘና የመንግሥት የዕዳ ሰነድ ገዝቶ በመያዣነት ካስቀመጠ፣ የራሱ ስምና የከተማው ስም የታተመበት ኖት ማውጣት ይችል ነበር። ይህ ሥርዓት እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆየ። በዚህ ዘመን ኖት ያወጡት ባንኮች ቁጥር ከ12,000 በላይ ነው። በእንግሊዝኛው ስያሜ ውስጥ ያለው «ናሽናል» የሚለው ቃል የባንኩን ባለቤት አይገልጽም፤ ፈቃዱን የሰጠው የማዕከላዊው መንግሥት መሆኑን ብቻ ያመለክታል። ባንኩ የጥቂት ነጋዴዎችና ገበሬዎች ንብረት ሊሆን ይችል ነበር።

አሰባሳቢዎች እነዚህን ኖቶች የሚሹበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። የኒው ዮርክ ትልቅ ባንክ ኖት በብዛት ሲገኝ፣ ጥቂት ዓመት ብቻ የሠራ የትንሽ ከተማ ባንክ ኖት ግን ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ላይገኝ ይችላል። ዋጋውን የሚወስነው በኖቱ ላይ የተጻፈው የገንዘብ መጠን ሳይሆን የከተማው ስም ነው። ሰዎች የተወለዱበትን ከተማ ኖት ይፈልጋሉ። ይህን የማያስተላልፍ ትርጉም የጽሑፉን ፍሬ ነገር ያጠፋል።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የባንኩ የተጸውኦ ስም እንዳለ ይጻፍ፤ «ፈርስት ናሽናል ባንክ» ይባል እንጂ አይተርጐም። ሁለተኛ፣ የወል ስሙ «ባለፈቃድ የከተማ ባንክ» ተብሎ በመጀመሪያው ቦታ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበየን፤ ከዚያ በኋላ «የከተማ ባንክ ኖት» ማለት ይበቃል። ሦስተኛ፣ በኖቶቹ ላይ ከባንኩ ፕሬዚዳንት ጋር የሚፈርመውን «ካሽየር» የተባለውን ሹም «ገንዘብ ተቀባይ» ብሎ መመለስ ስሕተት ነው። ይህ ሹም በዚያ ዘመን የባንኩን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚመራ ነበርና «ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ይቀርበዋል። አራተኛ፣ በኖቱ ላይ የሚታየው የባንኩ መለያ አኀዝ «የፈቃድ ቁጥር» ይባል። ይህም ከኖቱ «ተራ ቁጥር» ጋር እንዳይደባለቅ ይጠንቀቁ።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ በራሳችንም ታሪክ ያሻል። በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመው አቢሲንያ ባንክ የግል ንግድ ባንክ ነው፤ በ1907 ዓ.ም. ኖት ካወጣው ባንክ ጋር የስም መመሳሰል እንጂ የተቋም ተከታታይነት የለውም። ተርጓሚው ዓመቱን ካልጠቀሰ አንባቢው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

4. «ሰብሳቢ» ወይስ «አሰባሳቢ»?

የቆየ ገንዘብ የሚያጠራቅመውን ሰው «ገንዘብ ሰብሳቢ» ብንለው፣ አድማጭ የሚያስበው በቡና ቤት ሒሳብ የሚቀበለውን ወይም የዕድር መዋጮ የሚለቅመውን ሰው ነው። «ሰብሳቢ» ብቻ ካልነውም የስብሰባ መሪ ይሆናል። አማርኛ ግን ለዚህ መፍትሔ ከራሱ ርባታ ያቀርባል። «አሰባሰበ» የሚለው ግሥ በተለያየ ቦታ ተበትኖ የቆየን ነገር እየለዩ ወደ አንድ ማምጣትን ይገልጻል። ስለዚህ «የነባር ገንዘብ አሰባሳቢ»፣ ሥራውንም «የነባር ገንዘብ አሰባሰብ» ብንል ፍቺው ይጠራል። «ቅርስ» የሚለውን ቃል ግን ለማንኛውም ያረጀ ኖት ባንሰጠው ይመረጣል። ቃሉ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ሕጋዊ ብያኔ ያለውና ግዴታን የሚያስከትል ስያሜ ነውና።

5. ከገበያ የተለቀሙ ቃላት

ስያሜ ከመፍጠር በፊት ያለውን መልቀም ይቀድማል። የከሚሴ አካባቢ ለዚህ ምቹ ነው። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና አርጎብኛ ጎን ለጎን ይነገሩበታል፤ ሰኞ በባቲ፣ እሑድ በሰንበቴ የሚውሉት ገበያዎች የደጋውንና የቆላውን ሰው ያገናኛሉ። በባቲ ገበያ ጠገራ ዛሬም ለጌጥና ለብር አንጣሪ ይሸጣል። ከዚህ በታች ያሉትን ለመዝገበ ቃላት በሚስማማ መልክ አቅርበናል።

ጠገራ ብር፦ የማርያ ቴሬዛ ምስልና 1780 የሚል ዓመት ያለበት የብር መሐለቅ።

አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን፦ በቅደም ተከተል የምኒልክ ብር ግማሽ፣ አራተኛና ስምንተኛ። «ተሙን» ስምንትን ከሚያመለክተው የዐረብኛ ሥር የመጣ ነው።

ሰሙኒ፦ 25 ሳንቲም። ከዚያው የስምንት ሥር ቢወጣም ዛሬ የብር አራተኛ መጠሪያ ነው። ተርጓሚ ሥርወ ቃሉን ተከትሎ «ስምንተኛ» ቢለው ሒሳቡ ይፋለሳል።

ግርሽ፦ የምኒልክ ብር ንዑስ ክፍል፤ በመጀመሪያ 20ው፣ በኋላም 16ቱ አንድ ብር የሆነ። በአፋን ኦሮሞ በጠቅላላው ገንዘብን የሚያመለክተው «ቀርሺ» የዚሁ ቃል ወንድም ነው። ሁለቱም በዐረብኛ በኩል ያለፉ ናቸው። በአንዱ ቋንቋ ቃሉ ከመሐለቁ ጋር ሲሞት፣ በሌላው ቋንቋ ፍቺው ሰፍቶ ኖረ።

መቶኛ፦ በ1923 ዓ.ም. መሐለቆች ላይ የሚገኝ የብር አንድ መቶኛ ክፍል ስያሜ። ከአማርኛ ቁጥር በቀጥታ የተበጀ ቢሆንም፣ በ1936 ዓ.ም. መሐለቆች «ሳንቲም» የሚለው ውሰት ቃል ተተካ። ስያሜ ግልጽ በመሆኑ ብቻ እንደማይጸና ይህ ቃል ያስተምረናል።

ሽልንግ፦ 50 ሳንቲም። በ1937 ዓ.ም. ሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአንድ ብር ሲመነዘር የቀረ ስም። ገንዘቡ ሄዶ ስሙ ቀረ።

ዘውድና ጎፈር፦ የመሐለቅ ሁለት ገጾች። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ በመሐለቆች ላይ ዘውድ ባይኖርም፣ ዕጣ ሲጣል ቃሉ ዛሬም ይነገራል። ለሙያ ጽሑፍ «የፊት ገጽ» እና «የጀርባ ገጽ» ይሻላሉ።

ያልተሠራበት፦ ከእጅ ወደ እጅ ያልተላለፈና እጥፋት የሌለበት ኖት። «አዲስ» የሚለው ቃል አይተካውም፤ የመቶ ዓመት ኖት ያልተሠራበት ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ግን አይደለም።

ከዝውውር የወጣ፦ በሕግ መገበያያነቱ የቀረ። ለምሳሌ መስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ ኖቶች ይፋ ሲሆኑ፣ የቀድሞዎቹ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች ከመቀየሪያው ጊዜ በኋላ ከዝውውር ወጥተዋል። «የተሰረዘ» ማለት ግን አይገባም፤ «የተሰረዘ ኖት» ባንኩ ማኅተም መትቶ ወይም ቀዳዶ ዋጋውን ያሳጣው ነው።

6. ስለ ዓመታት

የመጨረሻው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። ፲፱፻፴፮ የሚል የተቀረጸበትን ሳንቲም ያየ የውጭ አገር ሰው እንደ ራሱ አቆጣጠር ቢያነበው፣ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ዓመት የተመታ ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ዓመቱ የነጻነት ማግስት ነው። ከዚህም ሌላ፣ በመሐለቅ ላይ ያለው ዓመት የተመታበት ላይሆን ይችላል። ጠገራው ንግሥቲቱ ከሞቱበት ከ1780 እ.ኤ.አ. በኋላ ለብዙ ዘመን ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ ኖሯል። የ1936ቱም ሳንቲም ዓመቱ ሳይለወጥ በተከታታይ ዓመታት ተመትቷል። ስለዚህ «የተቀረጸበት ዓመት» እና «የተመታበት ዘመን» የሚሉትን ሁለት ስያሜዎች ለይተን እንድንጠቀም እናሳስባለን።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትናቸው ምሳሌዎች ወደ አንድ ነጥብ ያመራሉ። የገንዘብ ስያሜ ከዘመኑ ተነጥሎ ሊበየን አይችልም። በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ብር» የሚለው ግቤት፣ እያንዳንዱ ፍቺ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ተሠራበት ካላመለከተ፣ ለተርጓሚም ለዳኛም አይረዳም።

የከሚሴውን ጉዳይ በተመለከተ፣ ቃሉ ብቻውን እንደማይፈርድ ከገለጽን በኋላ፣ አንድ የቋንቋ ነጥብ ጨመርን። በወረቀቱ ላይ «ብር» የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «አሥሩ» እና «ሃያው» የሚሉት ሁለቱም ወደዚያው ወደ አንዱ ቃል የሚመለሱ ናቸው። ስለዚህ የተከፈለው አሥሩ ምን እንደነበር ከታወቀ፣ ያልተከፈለው ሃያውም ይታወቃል። ሽማግሎቹ ወደ እናቲቱ ዞረው፣ «እማማ፣ አሥሩን ሲሰጡዎት ምን ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። «ልጆቼ፣» አሉ፣ «አባቴ አንድ አንዱን ድንጋይ ላይ እየጣለ ድምፁን ሰምቶ ነው የተቀበለው። ወረቀት ድንጋይ ላይ ቢጥሉት ይጮኻል?»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወራሾቹ ሃያ ጠገራ ከባቲ ገበያ ገዝተው እንዳስረከቧቸው ሰማን። እናቲቱም እንደ አባታቸው አንድ አንዱን ድንጋይ ላይ እየጣሉ ድምፁን ሰምተው ተቀብለዋል አሉን።

አንባብያን በየአካባቢያቸው የሚሠራባቸውን የገንዘብ ስያሜዎች፣ የሚነገሩበትን ቦታና የሚታወሱበትን ዘመን ጨምረው ቢልኩልን፣ ለቀጣዩ ሥራ ታላቅ እገዛ ይሆነናል።